መደነቅ የአንድ ቀን፣ መልመድ የዓመታት፦ «ቀይ ቅጠሎች»ን እንደገና ስናየው

ስለ እኛ የተሠሩትን ፊልሞች ታሪካቸው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ብትደረድሯቸው የአንድ ረጅም መንገድ ካርታ ይወጣችኋል። የዓለምወርቅ ዳቪዲያን «የበለስ ዛፍ» (2018) ገና አዲስ አበባ ላይ ነው፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊያበቃ በተቃረበበት ዘመን አንዲት ወጣት ከቤተሰቧ ጋር ወደ እስራኤል የምትሄድበትን ቀን ትጠብቃለች። የራዱ ሚሃይሊያኑ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» (2005) ሱዳን ውስጥ ካለ የስደተኞች ካምፕ ተነስቶ በሙሴ ዘመቻ የመጣ አንድ ልጅ እስኪያድግ ድረስ ይከተለዋል። በሽሙኤል ብሩ «ዝሩባቬል» (2008) ኢትዮጵያ ውስጥ የተከበሩ የነበሩ አባት እዚህ መንገድ እየጠረጉ ቤተሰባቸውን ለመያዝ ይታገላሉ፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ካሜራ ይዞ ሰፈሩን ይቀርጻል። የባዚ ጌጤ «ቀይ ቅጠሎች» (2014) የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሽማግሌው መሰጋኒዮ ታደለ እዚህ አገር ከገቡ 28 ዓመት ሆኗቸዋል።

በዚህ ካርታ ላይ ግን አንድ ባዶ ቦታ አለ። መጠበቁ አለ፣ ካምፑ አለ፣ ሰፈሩ አለ፣ እርጅናው አለ። ሰው ከአውሮፕላን ወርዶ የማያውቀው ከተማ ውስጥ ኑሮን እንዴት እንደሚለምድ የት ነው ያለው? የውሃ ሂሳብ የት እንደሚከፈል፣ የትኛው አውቶቡስ ወደ ኩፓት ሖሊም እንደሚሄድ፣ የጋዝ ምድጃው፣ አራት ፎቅ ደረጃው፣ ገንዘብ ሊሰበስብ በሩን የሚያንኳኳው የቫዓድ ባይት ሰውዬ፣ የፖስታ ሳጥኑ። ይሄ ሁሉ ፊልም ውስጥ ከገባ ወይ ለሳቅ ነው ወይ በጨረፍታ ነው። «ቀይ ቅጠሎች» ይህን ባዶ ቦታ ከሌሎቹ ይልቅ በደንብ ያሳየናል ብዬ ነው የምከራከረው። የሚያሳይበት መንገድ ግን ለየት ይላል፦ ያን ሁሉ ሥራ ትሠራ የነበረችውን ሰው ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ወስዶብናል።

ከውጭ የሚያይ ዓይን የሚወደው

መጀመሪያ ሌላውን መንገድ እንየው። «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ትዕይንት አለ። ከካምፑ የመጣው ልጅ ሻወር ውስጥ ቆሞ ውሃው ወደ ወለሉ ቀዳዳ ሲወርድ ያያል፤ ይደነግጣል፤ ውሃው እንዳይጠፋ በእጁ ሊያስቆመው ይሞክራል። ትዕይንቱ ያስለቅሳል፣ ተዋናዩም ጎበዝ ነው። ውሃ በጠብታ ከሚለካበት ቦታ ለመጣ ልጅ እንዲህ መደንገጥ እውነት ነው።

ሆኖም አንድ ነገር አስቡ። ያ ልጅ በማግስቱም ታጥቧል። ከሳምንት በኋላም ታጥቧል። በሦስተኛው ሳምንት ውሃው የት እንደሚሄድ ረስቶታል። ፊልሙ ያሳየን የመጀመሪያውን ቀን ነው፤ ከውጭ የሚያይ ዓይን የሚወደው የመጀመሪያውን ቀን ነውና። በመርካዝ ክሊታ ዘመን ስለ ወላጆቻችን የተነገሩትን ቀልዶች ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ፍሪጅ ምን እንደሆነ አላወቁም፣ ደረጃ መውረድ ፈሩ፣ የመብራት ማብሪያውን ሲያበሩ ሲያጠፉ ዋሉ። ቀልዱ ውስጥ ያለው ሰው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። አርባ ዓመት ቢያልፍም ያው የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው፤ እንዲለምድ አይፈቀድለትም።

መደነቅ የአንድ ቀን ነገር ነው። መልመድ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ሲፈጸም ደግሞ አይታይም። የለመደ ሰው መልመዱን ራሱ ይረሳዋል። ለካሜራ አስቸጋሪ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ክሊታ እና መልመድ

እዚህ ላይ ሁለቱን ቋንቋዎቻችንን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። በዕብራይስጥ «ክሊታ» ስንል አድራጊው አገሩ ነው። አገሩ ይቀበላል፣ ይመጥጣል፤ መጪው ሰው ተቀባይነት ያገኛል ወይም አያገኝም። ለክሊታ ሚኒስቴር አለው፣ ማዕከል አለው፣ በጀት አለው። በአማርኛ ግን ወላጆቻችን እርስ በርስ ሲገናኙ «አገሩን ለመድሽው?» ነው የሚባባሉት። እዚህ አድራጊው ሰውየው ነው፣ ሴትየዋ ናት። አገሩ ተለማጅ የለውም፤ የሚለመደው እሱ ነው።

«ልማድ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ሥር ይወጣል። የአባቶች ልማድ ስንል ከጥንት የቆመ፣ የማይነቃነቅ ነገር አድርገን እናስባለን። ቃሉ ራሱ ግን ልማድ ማለት አንድ ጊዜ የተለመደ ነገር እንደሆነ ይነግረናል። ልማድና መልመድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

የ«ቀይ ቅጠሎች» ጠቡ እዚህ ላይ ነው። ስለ ፊልሙ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምሰማው ነገር «ባህላቸውን ያልለቀቁ ግትር አባት ከዘመናዊ ልጆቻቸው ጋር ተጣሉ» የሚል ነው። ሽማግሌው ግትር ናቸው፣ አልክድም። ግን ግትርነት ብቻውን 28 ዓመት ሙሉ ሰውን በሰላም አያኖርም። ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ኖሩ?

መንግሥቱ አንድ አፓርታማ ነው

ታሪኩ አጭር ነው። መሰጋኒዮ ታደለ 74 ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ሞተዋል። አፓርታማቸውን ሸጠው ቀሪ ዘመናቸውን ልጆቻቸው ቤት ሊያሳልፉ ይወስናሉ። ከአንዱ ልጅ ቤት ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ በየቤቱም የሳቸው ሕግና የቤቱ ሕግ ይጋጫሉ፤ በመጨረሻም ቦታ ያጣሉ። ጌጤ ፊልሙን የሠራው የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» መሠረት አድርጎ ነው። ሊር መንግሥቱን ለልጆቹ አከፋፍሎ በየተራ እነሱ ጋ ሊኖር ያሰበ ንጉሥ ነው፤ መጨረሻው ሜዳ ላይ፣ ዝናብ ውስጥ ነው።

ታዲያ የኛ ሽማግሌ መንግሥት ምንድን ነው? አንድ አፓርታማ። ይሄ ሊያስቀን አይገባም። በ1990ዎቹ መንግሥት ከኢትዮጵያ ለመጡ ቤተሰቦች ልዩ ማሽካንታ ሰጠ፤ ከገንዘቡ አብዛኛው የማይመለስ ስጦታ ነበር፤ ዓላማውም ሰዎችን ከካራቫን ሰፈሮች አውጥቶ መሃል አገር ወዳሉ ከተሞች ማስገባት ነበር። በተግባር ያ ገንዘብ የሚገዛው ዋጋቸው በወረደ አሮጌ ሰፈሮች ውስጥ ያለ ቤት ነበር፤ የረሖቮቱን ቂርያት ሞሼ አስታውሱ። ያም ሆኖ አባቶቻችን በዚህ አገር «የኔ» ያሉት የመጀመሪያው ነገር ያ ቤት ነው። በሩን ራሳቸው ይከፍታሉ፣ ራሳቸው ይዘጋሉ። እንግዳ ሲመጣ የት እንደሚቀመጥ እሳቸው ይወስናሉ። ገጠር እያሉ የነበራቸው መሬትና ከብት ቀርቷል፤ ቤቱ ብቻ አለ። ሽማግሌው ያን ሸጠው ሲወጡ የሰጡት ነገር ምን ያህል እንደሆነ ልጆቹም ተመልካቹም ወዲያው አይገባንም።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ የሚኖረው በሌላ ሰው ሳሎን ውስጥ ነው። ይሄን ነው በጣም የምወድለት። ለአንድ አባት ሞት የሚመስለው ነገር የሚሆነው ምንም ትልቅ ነገር በማይሆንበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ሶፋ ላይ፣ ምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ የልጅ ልጆች በዕብራይስጥ በሚያወሩበት ቤት። ገጠር ውስጥ አባት የራሱ ጎጆ ነበረው፤ ልጅ ሲያገባ አጠገቡ ሌላ ይሠራ ነበር። ሁለቱ ቤቶች አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው ሁለት ነበሩ። በሦስት ክፍል አፓርታማ ውስጥ ይህ አይቻልም። አባትየው የመጡበት ልማድ «ልጅ አባቱን ይጦራል» ይላል፤ ቤቱ ግን የተሠራው ለባልና ሚስት ለልጆቻቸውም ብቻ ተብሎ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ልክ ሆኖ ሁሉም ሰው ይጣላል። ፊልሙ ይህን በንግግር አያብራራም፤ ካሜራው ከሽማግሌው ሳይርቅ ይከተላቸዋል፤ ጥበቱ እኛንም ያፍነናል።

ደበበ እሸቱ ደግሞ አሉ። የኢትዮጵያ መድረክ አንጋፋ ተዋናይ ነበሩ፤ ዝም ብለው ተቀምጠው እንኳ ክፍሉን ይሞሉታል። አማርኛቸው የአዲስ አበባ መድረክ አማርኛ ነው፤ የጎንደር ገጠር አነጋገር የለመደ ጆሮ ልዩነቱን ይሰማዋል። ለኔ ይሄ ፊልሙን አልጎዳውም። እንዲያውም ልጆቻቸው መካከል ሲናገሩ ንግግራቸው ከሌላ ክፍል የመጣ ይመስላል፤ መስማት ያለብንም ይሄንኑ ነው።

የሌለችው ሰው

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። እስከ ዛሬ በምን ኖሩ? መልሱ በባለቤታቸው ነው። «ንጉሥ ሊር» ውስጥ ንግሥት የለችም፤ ሼክስፒር ስለ እሷ ብዙም አይነግረንም። ጌጤ ያንን ባዶነት ወስዶ ትርጉም ሰጥቶታል፤ እዚህ ባለቤትየው ሞተዋል፣ ታሪኩም የሚነሳው ከዚያ ሞት ነው። ሽማግሌው 28 ዓመት ሙሉ ልማዳቸውን ይዘው መኖር የቻሉት አንድ ሰው በበሩና በከተማው መካከል ቆሞ ስለነበረ ነው ብዬ አነባለሁ። እሳቸው እንዳይለምዱ ሌላ ሰው ለምዶላቸዋል። ያ ሰው ሲሄድ በ28ኛ ዓመታቸው እንደገና አዲስ መጪ ሆኑ።

ይሄን ለመረዳት ቲዮሪ አያስፈልግም፤ የራሳችሁን ቤት ማየት ይበቃል። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። እናቴ ዕብራይስጥ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ግን የቤታችንን ደብዳቤዎች ሁሉ ታውቃቸው ነበር። የአርኖናው በምን ዓይነት ፖስታ እንደሚመጣ፣ የቢቱዋሕ ለኡሚ ምልክት ምን እንደሚመስል፣ የትኛው ዝም ቢባል ችግር እንደሌለው፣ የትኛው ዛሬውኑ መነበብ እንዳለበት ታውቃለች። መነበብ ያለበትን ከመሶቡ ሥር ታስቀምጠውና እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ታወጣዋለች። አውቶቡሱን በቁጥሩ ቅርጽ ለየችው። ሹክ ላይ ከማን ቲማቲም እንደሚገዛ፣ ዓርብ በስንት ሰዓት ዋጋው እንደሚወርድ ታውቃለች። ጤፍ ባልተገኘበት ጊዜ በምን ዱቄት እንጀራ እንደሚወጣ ሞክራ ሞክራ አገኘችው። አባቴ የበላው ያንን እንጀራ ነው። «የእናታችሁ እጅ አልተለወጠም» ይል ነበር። ተለውጦ ነበር። በጣም ተለውጦ ነበር፤ ጣዕሙ ያልተለወጠው እጁ ስለተለወጠ ነው።

ልማድና መልመድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ያልኩት ይሄንን ነው። በቤታችን ውስጥ ሳይነካ የቆየ የሚመስለን ነገር ሁሉ አንድ ሰው በየቀኑ አዲስ ነገር እየለመደ ያቆየው ነው። በብዙ ቤት ያ ሰው እናት ናት፤ ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ ትልቋ ልጅ።

ስለ ልጆቹ የዳሊያ ቤቶሊን-ሸርማን «ዓለም እንዴት ነጭ ሆነ» (2013) የሚለውን የአጫጭር ልቦለዶች መድበል አንብቡ። እዚያ የሚናገሩት ከኢትዮጵያ የመጡ ልጃገረዶች ናቸው፤ አዲሱን ዓለም ከልጅ ቁመት ያዩታል። ልጅ ከወላጅ በፊት ይለምዳል፤ ቋንቋውን በጨዋታ ይይዛል፤ ከዚያ በዘጠኝ ዓመቱ ከእናቱ ጋር ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ በሁለቱ መካከል ይናገራል። ልጁ ይህን ሲያደርግ ሥልጣን ያገኛል፣ ሸክምም ይሸከማል። አባትየው ደግሞ የሆነ ነገር ያጣል፤ ማንም ግን አልወሰደበትም። «ቀይ ቅጠሎች» ላይ የምናያቸው ትልልቅ ልጆች እነዚያው አስተርጓሚ ልጆች ናቸው ብላችሁ አስቡ። አባታቸው «እታዘዛለሁ» እንዲሏቸው ይፈልጋሉ። እነሱ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ለአባታቸው ሲወስኑ ኖረዋል፤ በትርጉም ስም። ጠቡ የጀመረው አባትየው ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ የቆሙ ቀን አይደለም።

ፊልሙ የማያየው

ፊልሙን ስለምወደው ነው ቅሬታዬን የምናገረው። «ቀይ ቅጠሎች» የባለቤትየውን አለመኖር በደንብ ይጠቀምበታል፤ ስለ እሳቸው ሕይወት ግን እምብዛም አይጨነቅም። ሐዘኑ የባል ሐዘን ነው። ሴትየዋ በእነዚያ ዓመታት ምን ለመዱ፣ ምን ዋጋ ከፈሉ፣ ምንስ ደስ አላቸው? ይህን የምንገምተው ከባል ጉድለት ተነስተን ብቻ ነው። ጉድለትን ማሳየት የፊልሙ ብልሃት ነው፤ ብልሃቱ ግን ሥራዋን ሁለተኛ ጊዜ እንዳይታይ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ልጆቹ ሚስቶች ነው። ካሜራው ሽማግሌውን ስለሚከተል እነሱ የሚገቡት እንደ በር ነው፤ ይከፈታሉ ወይ ይዘጋሉ። ግን አንድ አዛውንት ቤት ሲገባ ማን ነው ቀድሞ ተነስቶ የሚያበስለው? አንሶላውን ማን ያጥባል? ከሥራ አምሽታ የምትመጣ ሴት ቤቷ ውስጥ ሌላ ሕግ ተቀምጦ ስታገኘው የሚሰማት ነገር ግትርነት ወይ ክፋት ብቻ አይደለም። የሊር ሴት ልጆች ጥላ ያለ አግባብ እነሱ ላይ ወድቋል።

በዚህ በኩል «ዝሩባቬል» በሥራው ሸካራ ቢሆንም ይበልጣል። እዚያ ቤቱ ጫጫታ አለው፤ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ነገር አለው፤ አባትየው ከብዙዎቹ አንዱ ናቸው። «ቀይ ቅጠሎች» ጥልቀቱን ያገኘው አንድ ሰው ላይ በማተኮሩ ነው፤ የከፈለውም ዋጋ ያው ነው።

ለምን አሁን

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእናንተ፣ እዚህ ተወልዳችሁ ላደጋችሁት ነው። የጉዞውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። በየትምህርት ቤቱ ተነግሯችኋል፤ በሱዳን መንገድ ላቸለፉት በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሟል፤ በኢየሩሳሌም ቀን ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። ተገቢ ነው፤ ከዚህም በላይ ይገባቸዋል። ምስክርነት ስንሰበስብ ግን ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «እንዴት መጣችሁ?» ብለን ነው፤ ታሪኩ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሠላሳ አርባ ዓመታት በአንድ ቃል ይታለፋሉ፦ ክሊታ። ተሳካ፣ አልተሳካም፣ በቃ።

ወላጆቻችን ደግሞ እያረጁ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ይሄዳል፤ የቀረው ሰው ያን ጊዜ ነው የሚታወቀው። ዓመታት እዚህ የኖረ አባት በድንገት የቡና ጀበናው የት እንዳለ፣ መድኃኒቱ በቀን ስንቴ እንደሚወሰድ፣ ለኩፓት ሖሊም ቀጠሮ በየት ቁጥር እንደሚደወል አያውቅም። ያን ጊዜ «አባባ ግትር ነው፣ አሁንም ጎንደር ነው ያለው» ማለት ይቀላል። «ቀይ ቅጠሎች» ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ይህን ፍርድ ማዘግየት ነው። ሰውየው ጎንደር አይደለም ያለው። እዚሁ ነው ያለው፤ ግን መንገዱን የምታሳየው ሰው ሞታበታለች። ሐዘኑም አለማወቁም አንድ ላይ ነው የመጡበት፤ ኩራቱ ደግሞ ሁለቱንም አይናገርም።

ስለዚህ ፊልሙን ስታዩ ወይም እንደገና ስታዩ ሽማግሌውን ብቻ አትከተሉ። በየትዕይንቱ ቁሙና «እዚህ ቦታ ላይ ባለቤታቸው ቢኖሩ ምን ያደርጉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠረጴዛው ዙሪያ ድምፅ ከፍ ሲል ማን ርዕስ ይቀይር ነበር? ልጅየው የተናገረውን ዕብራይስጥ ለስላሳ አድርጎ ማን ይተረጉም ነበር? ፊልሙ ወዲያውኑ ሌላ ይሆንባችኋል።

ከተቻለ ደግሞ ከቤት ሰው ጋር እዩት፤ አማርኛው ለነሱ፣ ዕብራይስጡ ለናንተ፣ ሁለታችሁም ግማሹን እየተረጎማችሁ። ሲያልቅ «እንዴት መጣችሁ?» የሚለውን ለዛሬ ተዉትና ሌላ ጠይቁ። «እማማ፣ መጀመሪያ ብቻሽን የሄድሽበት አውቶቡስ የቱ ነው? ማን አስለመደሽ? አንቺስ ማንን አስለመድሽ?» በሉ። መልሱ ከሱዳን ታሪክ ያጠረ ይመስላችኋል፤ ከጀመረች በኋላ ግን ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አያልቅም። ጻፉት፣ ቅረጹት። የሚቀጥለው ፊልም ባዶውን ቦታ የሚሞላው ከዚያ ነው።